በሃይላንድ ስለሚጓዙት የዓሣ ጫጩቶች፦ ለዓሣ ሀብት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለግብርና ሚኒስቴር የዓሣ ሀብት ኃላፊዎች፣
ለኦሮሚያ ክልል ግብርና ቢሮ፣
እንዲሁም እንደ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቆ ይዛችሁ ለምትወጡ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከአዲስ አበባ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። የምወክለው ማኅበር የለኝም። ከሥራ ቀን የተረፈችኝን ቅዳሜ ውሃ ዳር ማሳለፍ የምወድ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ መንጠቆ ጫፍ ላይ ስለሚሰካው ምግብ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እኔም ለብዙ ዓመት ትንሽ ይመስለኝ ነበር።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ መንገድ ዳር ቆሜ መኪና እስኪሞላ እጠብቃለሁ። አንድ ልጅ መጣ። 14 ዓመት ቢሆነው ነው። በሁለቱም እጁ ትልልቅ ሃይላንድ ይዟል። ክዳናቸው በምስማር ተበስቷል።

«ጋሼ፣ ለዓሣ ነው የሚወጡት አይደል? ትኩስ አለኝ። ሁሉም በሕይወት ናቸው» አለኝ።

አንዱን ተቀብዬ ወደ መንገዱ መብራት ከፍ አደረግኩት። ውሃው ቀጭን ሻይ መስሏል። ውስጡ ትንንሽ የቆሮሶ ጫጩቶች ይተራመሳሉ። ትልቁ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ግማሾቹ አፋቸውን ከውሃው ጫፍ አውጥተው አየር ይስባሉ። ሦስቱ ሞተው ሆዳቸው ወደ ላይ ተገልብጧል። ከመሃላቸው አንዲት አረንጓዴ ቡቃያ ትንሳፈፋለች። ግንዷ እንደ ትንሽ ፊኛ አብጧል፤ ከሥሯ ጥቁር ፀጉር የመሰለ ሥር ተንጠልጥሏል። እምቦጭ ነበረች።

«ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ወንድሜ የመኪና ረዳት ነው። ከቆቃ ያመጣልኛል።»

«በምን ተያዘ?»

«በአጎበር ነዋ።»

«ሰዉ ገዝቶህ የት ይዞት ይሄዳል?»

«ቢሾፍቱ ይሄዳሉ። የሚያጠምዱበት ቦታ ሁሉ ይሄዳሉ» አለኝ። ጥያቄው ገርሞት ያየኛል።

ልጁን አልተቆጣሁትም። የምቆጣበት አፍ የለኝም። ከስድስት ዓመት በፊት እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ገዝቼ ቢሾፍቱ ከሚገኙት ሐይቆች አንዱ ጋ ወርጄ ነበር። አምባዛ ይይዛል ብለውኝ ነው። አራቱን መንጠቆ ላይ ሰካሁ። ቀኑ አልቀናኝም። ሲመሽ ጠርሙሱ ውስጥ አሥራ ምናምን ጫጩት ተርፏል። አዘንኩላቸው። መሬት ላይ ደፍቼ ሲንፈራገጡ ማየት አልሆነልኝም። ጎንበስ አልኩና ሐይቁ ውስጥ ለቀቅኳቸው። ሲበተኑ እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ያደረግኩትን ነገር የተረዳሁት ቆይቼ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ወንዝ አይወጣባቸውም። ከቆቃ የተነሳ ዓሣ ዋኝቶ አይደርስባቸውም። የሚደርሰው ሰው ተሸክሞ ካመጣው ብቻ ነው። እኔ ተሸክሜ አመጣሁት። ከጫጩቶቹ መካከል ምን ምን ዘር እንደነበረ አላጣራሁም። የዓሣ ልጅ ገና ጥፍር በሚያህልበት ዕድሜ ቆሮሶ ይሁን ካርፕ ወይም ቢልጫ ለመለየት የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። በምን ዓይነት በሽታ እንደተያዙም አላየሁም። የመጡበትንም ውሃ አብሬ ደፋሁት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

የአገራችን ውሃዎች ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት አይተውታል። ካርፕ የሚባለው ዓሣ የኛ አልነበረም። በጣሊያን ዘመን እዚሁ ከአቃቂ በታች ወዳለው አባ ሳሙኤል ግድብ ገባ። ዛሬ ቆቃም ዝዋይም አለ። ካርፕ ምግብ ፍለጋ የሐይቁን ወለል እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፤ ሣሩንም ይነቅላል። ዝዋይም ቀድሞ አምባዛ አልነበረውም። በሰው እጅ ገባ፤ አሁን ከዋነኞቹ የሐይቁ ዓሣዎች አንዱ ሆኗል። ሰው ይበላዋል፤ ይሸጠዋል፤ ጥቅም አለው። ይህን አልክድም። ግን አንዴ የገባን ዓሣ መልሶ የሚያወጣ አላየንም። እንግዲህ ከነዚህ አንዳንዶቹ ታስቦባቸው የገቡ ናቸው። በሃይላንድ የሚጓዘውን ደግሞ ማንም አላሰበበትም።

ስለ እምቦጭ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። ቆቃና አዋሽ ከያዛቸው ከ50 ዓመት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ታየ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን መላው ኢትዮጵያ በቴሌቪዥን አይቶታል። ገበሬው ከነልብሱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ነበር። ከተማሪ እስከ ዲያስፖራ ገንዘብ አዋጥቷል። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ለብዙ ዓመት ይቆያል። አንዲት ቡቃያ ብቻዋን ትባዛለች። እኔ ያን ቀን ጠዋት እጄ ላይ የያዝኳት ቡቃያ ለሌላ ሐይቅ ትበቃ ነበር።

ሌላው ነገር ቀንድ አውጣ ነው። አንዳንድ ልጆች ከቦይና ከሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ። ዛጎሉን በድንጋይ ሰብረው ሥጋውን መንጠቆ ላይ ይሰካሉ። ካርፕና አምባዛ ይወዱታል። የተረፈውን ደግሞ ከነሕይወቱ ሌላ ውሃ ውስጥ ይጥሉታል። ይህ ያስፈራኛል። ቢልሃርዚያ ያለ ቀንድ አውጣ አይተላለፍም። ከሰው የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ወንጂና ዝዋይ ያደጉ ሰዎች ይህን በሽታ በስሙ ያውቁታል። ይህን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ አንዱ ራሱ ወንዴም ሴቴም ነው። ብቻውን እንቁላል ጥሎ መራባት ይችላል። ከውሃ ወጥቶም ቀናት ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ልጅ ኪስ ተረስቶ የተጓዘ አንድ ቀንድ አውጣ፣ ልጆች በሚዋኙበት ኩሬ ውስጥ አዲስ ዘር ሊጀምር ይችላል።

ወደ አጎበሩ ልመለስ። ይህኛው ከሁሉም በላይ ልቤን ይነካኛል።

የቆሮሶ እናት ልጆቿን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው። እንቁላሉን ከጣለች በኋላ መልሳ ታፍሰዋለች፤ እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላል። እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ትሸከማቸዋለች፤ በዚያ ጊዜ እምብዛም አትበላም። ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ ከአጠገቧ አይርቁም። አንድ ነገር ካስደነገጣቸው አፏን ትከፍታለች፣ ሁሉም ተግተልትለው ይገባሉ። አንድ ቀን ጠዋት ውሃው ጥርት ባለበት ዳር ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጥላዬ ሲያርፍባቸው አንድ ደመና የሚያህል የጫጩት መንጋ በአንድ ትንፋሽ ጠፋ። እናትየው ጉንጯ አብጦ ወደ ጥልቁ ሄደች። የዚያን ቀን መንጠቆዬን ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ጫጩቶቹ ከእናታቸው ሲለዩ የሚሰበሰቡት ጥልቀት በሌለው፣ ፀሐይ በሚያሞቀው ዳር ነው። አጎበር የሚጎተተውም እዚያው ነው። የአጎበር ዓይን ትንኝ አያሳልፍም፤ ጫጩትማ ምን ያልፋል? አንድ ጊዜ ሲጎተት መቶዎች ይወጣሉ። ለማጥመጃ የሚሆኑት ተመርጠው ጠርሙስ ውስጥ ይገባሉ፤ የቀሩት ሣር ላይ ይደርቃሉ። በፆም ወራት ዓሣ ተወደደ፣ ከሐይቁም ጠፋ ብለን እናማርራለን። ነገ ኪሎ የሚመዝነውን ዓሣ ግን ዛሬ ጥፍር እያከለ መንጠቆ ላይ እየሰካነው ነው።

አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ከተማ የሚኖር ታላቅ ወንድም አለኝ። እሱም የዓሣ ሰው ነው። በስልክ ስናወራ ከቤተሰብ ወሬ ቀጥሎ የምናነሳው ዓሣ ነው። አንድ ቀን ይህን የማጥመጃ ምግብ ነገር ሳነሳበት ወዲያው ገባው። እነሱ ዘንድ ደንብ አለው። እዚያ ሰዉ የሚያጠምደው ባሕር ላይ ነው፤ መንጠቆ ላይ የሚሰካውም የባሕር ነገር ነው፤ ዛጎላም እንስሳት፣ ሸርጣን፣ የባሕር ጃርት። የባሕር ጃርት ማለት መላ አካሉ እሾህ የሆነ፣ አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ክብ እንስሳ ነው። በሲድኒ ዙሪያ ተለይተው የተከለሉ አለታማ የባሕር ዳርቻዎች አሉ። እዚያ በመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ይቻላል። ከአለቱ ላይ ግን ዛጎል፣ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣም ሆነ የባሕር ጃርት ለቅሞ ለማጥመጃ ማድረግ ክልክል ነው። ክልከላው ከባሕሩ ዳር ጀምሮ፣ ውሃው ሸሽቶ ከሚቆምበት መስመር 10 ሜትር ወደ ባሕሩ እስከሚገባው ድረስ ነው።

ሌላም ነገረኝ። ፒፒ የሚባል አሸዋ ውስጥ የሚኖር ዛጎላም አለ። አጥማጁ ለማጥመጃ 50 ፍሬ ብቻ መያዝ ይፈቀድለታል። ያንንም ቢሆን ውሃው ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር ከ50 ሜትር በላይ ይዞት መራቅ አይችልም። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። ፒፒ ውሃ እያጣራ ስለሚመገብ መርዛም አልጌ ሲኖር መርዙን ሰውነቱ ውስጥ ያጠራቅማል አለኝ። ለማጥመጃ ብሎ የሰበሰበው ሰው ቤቱ ወስዶ እንዳይበላው ነው ርቀቱ የተወሰነው። ይህ ደንብ ደስ አለኝ። አጭር ነው፤ ምክንያት አለው፤ ሕፃን ልጅ ሊያስታውሰው ይችላል።

ወንድሜ በጣም የተናደደው ግን በሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ኩዊንስላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሽሪምፕ የሚባለው ለምግብ የሚሆን ትንሽ የውሃ እንስሳ በሚረባባቸው እርባታዎች ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ የሚባል በሽታ ገባ። እርባታዎቹ ያላቸውን ሽሪምፕ በሙሉ ለማጥፋት ተገደዱ። ከጥርጣሬዎቹ አንዱ ከውጭ አገር ለምግብ የመጣ ጥሬ ሽሪምፕ ነው፤ ሰዎች ገዝተው መንጠቆ ላይ ሰክተው ወንዝ ውስጥ ጥለውት ይሆናል ተባለ። ከዚያ ወዲህ የአገሩ መንግሥት ለምግብ የተሸጠ ሽሪምፕ ለማጥመጃ አታድርጉ እያለ ያስተምራል።

እኛ ሐይቅ ውስጥ የባሕር ጃርት የለም። ፒፒም የለም። የእኛ ዛጎላም ያ ቀንድ አውጣ ነው፤ የእኛ ሽሪምፕ በሃይላንድ የሚጓዘው ጫጩት ነው። የእነሱን ደንብ እንዳለ ገልብጡልን እያልኩ አይደለም። ሰው ለመዝናናት ብሎ የሚወረውረው ምግብ ራሱ ደንብ እንደሚያስፈልገው ግን ከእነሱ መማር እንችላለን።

አገራችን ሕግ የላትም እያልኩም አይደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ የተከለከለ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባቴ ያደገው ጎጃም ነው፤ በልጅነቱ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ያየውን ይነግረኝ ነበር። ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ትልቁን ይለቅማሉ፤ ትንንሹ ውሃው እንደወሰደው ይቀራል። አባቴ ያንን ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ብርብራውን ሰው ሁሉ ነውር መሆኑን ያውቃል። ጠርሙሱን ግን ማንም እንደ ጥፋት አያየውም። እኔ በዞርኩባቸው ውሃዎች ዳር ለመዝናናት የሚመጣውን አጥማጅ «ይህን ስካ፣ ይህን አትስካ» የሚል አንድም ሰሌዳ አላየሁም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት በሕይወት ያለ ዓሣ ለማጥመጃ ተብሎ ከተያዘበት ውሃ እንዳይወጣ ይከልከል። የቆቃ ለቆቃ፣ የዝዋይ ለዝዋይ ይሁን። ይህቺ አንዷ ብቻ ብትወጣ እንኳ ትልቅ እፎይታ ነው። ቀንድ አውጣም እንደዚሁ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ቀንድ አውጣ ለማጥመጃ ጨርሶ ባይነካ ይሻላል። አጎበር ከውሃ ዳር ይራቅ። የተረፈ ምግብና የጠርሙስ ውሃ ሐይቅ ውስጥ አይደፋ፤ ከዳር ራቅ ብሎ ደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ። መረብና ባልዲ ወደ ሌላ ውሃ ከመሄዱ በፊት ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

ደንቡ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ ሥዕል ይኑረው። አጥማጁ ሁሉ ማንበብ አይችልም፤ የሚችለውም ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ነው፤ ረጅም ጽሑፍ አያነብም። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዓሣ ሥዕል፣ በላዩ ቀይ መስመር። ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ። ደንቡ ሲወጣ በትሩ መጀመሪያ እንዲህ ባሉ ልጆች ላይ እንዳያርፍ። ያ ልጅ አንዱን ጠርሙስ በ50 ብር ነው የሚሸጠው። ደብተሩን የሚገዛው በዚያ ነው። ጠርሙሱን ነጥቆ መድፋት ቀላል ነው፤ በምትኩ ምን ይሽጥ? እኔ መልስ አለኝ። ትል ይሽጥ። ትል ለቆሮሶም ለአምባዛም ይሆናል። እኔ ቤት በረንዳ ላይ አንድ የተሰበረ ባልዲ አለ። ውስጡ አፈር፣ የቡና አተላና የድንች ልጣጭ አደርግበታለሁ። በእርጥብ ማዳበሪያ እሸፍነዋለሁ። በየሳምንቱ ለእኔና ለሁለት ጓደኞቼ የሚበቃ ትል ይወጣዋል። ሽታ የለውም፤ ባለቤቴም ለምዳዋለች። ሊጥም አለ፤ የስንዴ ዱቄት በትንሽ ዘይት ጠንከር ተደርጎ ሲቦካ መንጠቆ ላይ ይቆያል፤ ቆሮሶ ይወስደዋል። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ባለሙያዎቹ ለእነዚህ ልጆች የሁለት ቀን ሥልጠና ቢሰጡ፣ ትል እንዴት እንደሚረባና ጤናማው ከየት እንደሚገኝ ቢያሳዩ፣ ጠርሙሱ በራሱ ጊዜ ከመንገድ ዳር ይጠፋል። ጤናማ ያልኩት በምክንያት ነው፤ አንዳንዱ ትሉን የሚቆፍረው ከአቃቂ ወንዝ ዳር ነው፤ ያ ወንዝ ምን ተሸክሞ እንደሚወርድ እዚህ ሰፈር ያልሸተተው የለም።

ለአጥማጅ ወዳጆቼም ቃል አለኝ። ደንቡ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። ጠርሙሱን ባንገዛ አይሸጥም። የተረፈንን ጫጩት በርኅራኄ ሐይቅ ውስጥ አንልቀቅ። እኔ ያንን አድርጌዋለሁ፤ እስካሁን በዚያ ሐይቅ ዳር ሳልፍ ውሃውን እያየሁ ምን እንደገባበት አስባለሁ።

ያን ቀን ጠዋት ሁለቱንም ጠርሙስ ገዛሁት። እምቦጯን አውጥቼ ድንጋይ ላይ አሰጣኋት። ልጁን ቤቴ ድረስ ወስጄ ከባልዲው አንድ ጣሳ ትል ከነአፈሩ ሰጠሁት። የቡና አተላ ከጎረቤት እንዴት እንደሚለምን ነገርኩት። ባለፈው ቅዳሜ አገኘሁት። በአንድ እጁ ሃይላንድ፣ በሌላው እጁ ጣሳ ይዟል። «ጋሼ፣ ትሉም ይሸጣል» አለኝ። «ግን ሰዉ ዓሣውን ነው የሚጠይቀኝ።»

ክቡራን፣ ለእሱ መልስ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ሰሌዳ የምታቆሙ ከሆነ ጉድጓዱን እኛ እንቆፍራለን። ስድስት ሰዎች ነን። ዶማና አካፋ አለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ነፃ ነን።

አክባሪያችሁ፣
ከቱሉ ዲምቱ፣ አንድ የቅዳሜ ዓሣ አጥማጅ